አረንጓዴ ዶሮ ያለበት ሸክላ

ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ጆሮ የላቸውም አልልም። አንዳንዶቹ ይሰማሉ፤ የሚሰሙት ግን የራሳቸውን ድምፅ ነው። የእኛ ሐያሲ የእነዚህ አለቃ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ሸክላ ሲጽፍ ኖሯል። በዚያ ሸክላ ዶክተር ሆነ፣ በዚያ ሸክላ አስተማሪ ሆነ፣ በዚያ ሸክላ ምክንያት በየዝግጅቱ የፊት ወንበር ይያዝለታል። ሸክላው «አስፋልት» ይባላል። በሰባዎቹ ዓመታት ስድስት ጎረምሶች እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን እንደ ጃንጥላ ነፍተው የተጫወቱት የፋንክ ሙዚቃ ነው። ከስድስቱ ዛሬ በሕይወት ያለው ድራም መቺው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። የባንዱ ልጆች «ሰዓት» ይሉት ነበር፤ ቆጠራ ስቶ ስለማያውቅ።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሰው ስህተት እየለቀምኩ እኖራለሁ። አለቃዬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠራኝና «ፊደሉን እንጂ ሰውየውን አታርሚ» ይለኛል። ሁለት ጊዜም እሺ እላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሃያ አራት ገጽ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። «አስፋልት» ከቀረው አንድ ቅጂ፣ ሐያሲው እጅ ካለው፣ ተቀድቶ እንደገና በሸክላ ሊወጣ ነው። ረቂቁ ከሸክላው ጋር የሚሸጠው ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ጸሐፊው ሐያሲው፣ ርእሱ «የተዋጡት ሦስት ምቶች»። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰውየውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም። ስሙን ካየሁ ገጹን እገለብጣለሁ፤ ለጤናዬ ብዬ ነው። አሁን ግን የሚከፈለኝ እንዳነበው ነው።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሦስተኛው ዘፈን «ደረጃ» ይባላል። ከመነሻው አራት አራት እየቆጠረ የሚወጣ፣ እግር የማያስቀምጥ ዘፈን ነው። ወደ ማብቂያው ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ስምንት መሆን የነበረበት ቆጠራ አምስት ሆኖ ያልፋል። ሦስት ምት የለም። ሌላ ሰው ቢሆን «እዚህ ጋ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእኛ ሰው ግን መጠየቅ አይወድም፤ መልስ ነው የሚወደው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ድራም መቺው እዚህ ላይ ጊዜን ራሱን ይክዳል። ሦስቱን ምቶች አውቆ ዋጣቸው። ያ ትውልድ ሊናገራቸው ያልቻላቸው ሦስት ነገሮች ነበሩና።» ሦስቱን ነገሮች በሦስት ገጽ ዘረዘራቸው። ቀጥሎ አምስቱ ከማለቃቸው በፊት የምትሰማውን «ቀጭ» የምትል ድምፅ አነሳና፣ መቺው በዱላው የድራሙን ጠርዝ ነክቶ «በታሪክ ላይ በር የዘጋበት» ነው አለ። እርሳሴ እጄ ላይ ተሰበረ።

ይህ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ከመሞቱ በፊት ቀብቶ ሊያነግሠው ፈልጎ ነው እንደገና ያወጣው። በነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ «አምስቱ» የሚባል ነገር ተፈጥሯል። ወጣት ባንዶች አምስቱን ይለማመዳሉ። አምስቱን ያልቻለ ድራም መቺ እንዳልበሰለ ይቆጠራል። ስለ አምስቱ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ምን እንደሚያወራ ግን ሳይገባኝ ነጠላ ሰረዞቹን አስተካክዬ መለስኩት።

ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩ። ሙሉ ገጽ ፎቶ ነው፤ በሸክላው መሐል ያለው ክብ ወረቀት ጎልቶ ተነሥቷል። ወረቀቱ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ የተሣለ ነገር አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ከባንዱ አባላት አንዱ ሳይሣለው እንዳልቀረ የሚገመት ወፍ። የእግሩ ሦስት ጣቶች ሦስቱን ምቶች ያመለክታሉ።»

ወፍ አይደለችም። ዶሮ ናት። የሣልኳት እኔ ነኝ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ።

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

አባቴ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው። የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ፣ ልክ ከመርፌዋ በላይ፣ አንድ ትልቅ ሳንቲም በፕላስተር ለጥፎ ነበር። የቤታችን ወለል ጣውላ ስለሆነ ሰው ሲጨፍር ማጫወቻው ይንቀጠቀጣል፤ ክንዱን የሚጫነው ነገር ከሌለ መርፌዋ ትዘላለች። በዚያ ጊዜ ይህን የማያደርግ ቤት አልነበረም። አንድ ቀን ሳንቲሟን ላጥኳትና ከረሜላ ገዛሁባት። ተመለስኩና «ደረጃ»ን ከፍቼ፣ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ መዝለል ጀመርኩ። መርፌዋ «ቀጭ» ብላ ተንሸራተተች። ሸክላው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት ቀረች። ይቅርታ ለመጠየቅ ይመስለኛል፣ መሐሉ ላይ ዶሮ ሣልኩለት።

አባቴ ሌላ ሳንቲም ለጠፈ። ሳንቲሟ ካለች መርፌዋ ጭረቷን ረግጣ ታልፋለች፤ «ቀጭ» ትላለች እንጂ አትዘልም። ስለዚህ እኛ ቤት ዘፈኑ ሁልጊዜ ስምንት ነበር። ከዚያ በጎረቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ተማሪ መጣና፣ ለሁለት ቀን ብሎ ሸክላውን ተዋሰ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሁለቱ ቀናት አላለቁም። ተማሪው ዛሬ ሐያሲ ነው። ሸክላውን ወሰደ፤ ሳንቲሟን ግን አልወሰደም።

የረቂቁን የመጨረሻ ገጽ ያየሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገጹ ባዶ ነው፤ ራስጌው ላይ ብቻ «የድራም መቺው ቃል፤ ፊርማ ይጠበቃል» የሚል ማስታወሻ አለ። ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። አለቃዬ «ወዴት?» ሲለኝ «ፊደል ልጠይቅ» አልኩት።

አጎቴ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል። ሱቁ ከአንድ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ዘይት ዘይት የምትሸት ጠባብ ክፍል ናት። ስደርስ ጆሮውን አንድ መኪና ላይ አስጠግቶ መዘውሯን በእጁ ያዞራል።

«ይቺ ትዘላለች» አለ ቀና ሳይል። «ከሰባት ስፌት አንዱን። ባለቤቷ ክሩ ነው ትላለች። ክሩ አይደለም።»

«ጋሼ፣ የምነግርህ አለኝ።»

«ከማን ጋር ተጣላሽ ደግሞ፣ ክብሪት?»

«ገና አልተጣላሁም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ፤ ጊዜ አለን ማለት ነው።»

ከመቀመጤ በፊት ግን ራሱ ከመሳቢያው አንድ ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይሄን እይልኝ። ሸክላውን የሚያሳትሙት ሰዎች ዓርብ ቢሯችን መጥተህ ፈርም ብለውኛል።»

ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለው፦ «በ‹ደረጃ› ውስጥ የሌሉትን ሦስት ምቶች ሆን ብዬ የተውኳቸው መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

«ልትፈርም ነው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ሳላውቅ አመለጡኝ ልበል?» መዘውሯን ትቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሬዲዮ ላይ ሰማሁት፣ ክብሪት። ያ ሰውዬ መጀመሪያ የጻፈ ጊዜ። ሸክላውን አምጥቶ አስከፈተው። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ አምስት ነው። እኔ ስምንት እንደመታሁ ነበር የማውቀው። ስቱዲዮ ውስጥ ስድስታችንም ነበርን፤ አንድም ሰው ምንም አላለኝም። ለካ አዝነውልኝ ነው አልኩ። የምጠይቀው ሰው ደግሞ አልነበረም፤ አምስቱም ያኔ ሞተው ነበር።»

«ድራሙን የሸጥከው ያኔ ነው?»

«በማግስቱ።»

«ትከሻዬን አሞኛል ብለህ አልነበር እንዴ?»

«ትከሻዬ ደህና ነው» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ደህና ነው።»

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ንዴት ሲመጣብኝ ደግሞ ቃል አላጣም። ያን ጊዜ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። በየሆቴሉ ሲጫወት የኖረ ሰው፣ አንድ ጊዜ ሳይስት የኖረ ሰው፣ አንድ ጉረኛ ባወራው ነገር የገዛ እጁን ማመን አቁሟል። ጉረኛውን ደግሞ መሣሪያ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ነገርኩት። ሳንቲሟን፣ ከረሜላውን፣ ጭረቷን፣ ዶሮዋን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

አጎቴ የዘይት ቆርቆሮውን አንሥቶ መኪናዋ ላይ ሁለት ጠብታ ጣለ።

«ከረሜላው ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ።»

«ቀይ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያ ግን የዘይቱን ቆርቆሮ እንደያዘ ቆመ። «ሸክላ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሠላሳ ሦስት ከሲሶ። ‹ደረጃ›ን በደቂቃ መቶ ነበር የምመታው። መቶ ማለት መቶ ነው፤ ከፈለግሽ ዛሬም በሰዓት ያዢኝ። መርፌ ጭረት ላይ ስትዘል አንድ መስመር ነው የምትዘለው፤ አንድ መስመር ማለት አንድ ዙር ነው። ባንድ ዙር ስንት ምት ያልፋል?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ሦስት።»

«ሦስት። ሳይጎድል ሳይተርፍ።» ቆርቆሮውን አስቀመጠ። «ዘጠና ስድስት ብመታ ኖሮ ሙዚቃው ይደናቀፍ ነበር፤ ሕፃን እንኳ ጭረት ነው ይል ነበር። ልክ ስለነበርኩ ነው ያልታወቀው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ደስታ ልበለው ወይስ ሌላ፣ እስካሁን አላወቅሁም። ደስታ ቢሆን ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቷል። «ግን ሒሳብ ነው» አለ። «ሒሳብ ያታልላል። መስማት አለብኝ።» መሳቢያውን ከፍቶ በሮንዴላ ፈንታ ብሎን ሥር የሚያስገባቸውን አሮጌ ሳንቲሞች መፈለግ ጀመረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሳታሚው ቢሮ ሄድን። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ወንበሩ ነጭ ነው፣ አንድም ሰው ነክቷት የማያውቅ ጊታር ተሰቅላለች። አሳታሚው ሠላሳ ያልሞላው፣ ካልሲ የማያደርግ ጎረምሳ ነው። ሐያሲው በዚያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሞ ተቀምጧል። አጎቴን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ።

«ጋሽ ሰዓት፣ ዛሬ ታሪክ እየተሠራ ነው።»

«ታሪኩ ይቆየን» አለ አጎቴ። «ሸክላውን መስማት ይቻላል?»

«እንዴታ። እርስዎ ያልሰሙት ማን ይስማው።»

ሐያሲው ራሱ ከከረጢቱ አወጣው፤ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ። ማጫወቻው ዋጋው አንድ ቤት የሚገዛ ዓይነት ነው። መርፌዋን አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። አጎቴ ግን ዓይኑን አልጨፈነም፤ ጣቱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ መቁጠር ጀመረ። እኔ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። ባሱ ገባ፣ መለከቶቹ ገቡ፣ ደረጃው ተወጣ። ቦታው ደረሰ። «ቀጭ»። አምስት። የአጎቴ ጣት ባየር ላይ ቀረ።

«አያችሁ» አለ ሐያሲው ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሃያ ሁለት ዓመት፣ አሁንም ይነዝረኛል።»

አጎቴ ተነሣ። ክንዱን ከሸክላው ላይ አነሣና ከኪሱ አንድ ሳንቲም አውጥቶ በጥቁር ፕላስተር ጫፉ ላይ ለጠፈ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሐያሲው ተነሥቶ።

«ሳንቲም ናት። አትነክስም።»

«የዓለም ቅርስ ነው እኮ። በዚህ ክብደት መስመሩን ያርሱታል።»

«አባቷ ሁለት ዓመት አርሶታል፣ ምንም አልሆነ» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ሐያሲው ያን ጊዜ አየኝ። ረቂቁን የሚያርምለት ሰው ፊት እንዳለው ከዚያ በፊት ያሰበበት አይመስለኝም።

መርፌዋ ወረደች። መለከት፣ ባስ፣ ደረጃ፣ «ቀጭ»። አምስት።

ሐያሲው ፈገግ አለ። የዚያን ፈገግታ ዋጋ እኔ ነኝ የማውቀው። ምናልባት የልጅነት ትዝታዬ ነው የዋሸኝ አልኩ። አጎቴ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ማጫወቻው አዲስ ነው፤ ክንዱ ቀላል ነው» አለ ለራሱ። ከኪሱ ሌላ ሳንቲም አወጣና በመጀመሪያው ላይ ደረበው።

መርፌዋ ወረደች። መለከት፣ ባስ፣ ደረጃ፣ «ቀጭ»። ሐያሲው አሳለ። ከሳሉ ሥር ግን መጡ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ከበሮው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አለፈ። የአጎቴ ጣት ጉልበቱ ላይ ስምንተኛውን መታና ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ መምታቱን ቀጠለ። ሲያልቅ ጣቱን በሌላው እጁ ያዛት፤ እንዳትጠፋበት ይመስል።

«ይሄ… ሌላ ቅጂ ነው?» አለ አሳታሚው።

«ያው ነው፣ ልጄ። ክብደት ነው ያነሰው።»

ከዚህ በኋላ አንድ ምራቁን የዋጠ ሰው ምን ይላል? ተሳስቻለሁ ይላል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ዶክተር ሻርፑን አስተካከለ።

«አንድ ሥራ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሠሪው አይደለም» አለ። «ሕዝቡ አምስት ብሎ ተቀብሎታል።»

«ሕዝቡ የተቀበለው የእኔን ከረሜላ ነው» አልኩት።

«ይቅርታ፣ እርስዎ…»

«አራሚዋ ነኝ። ሸክላው የአባቴ ነው፤ ለሁለት ቀን ብለህ የወሰድከው። ወፏንም እኔ ነኝ የሣልኳት። ዶሮ ናት።»

«በምን ማስረጃ?»

ከቦርሳዬ አረንጓዴ እርሳስ አወጣሁና የጽሑፉ ረቂቅ ጀርባ ላይ ሣልኩለት። ያው ኩምቢ የመሰለ አንገት፣ ያው ሦስት ጣት። በሃምሳ ዓመቴም ከዚያ የተሻለ ዶሮ መሣል አልችልም። አሳታሚው ሁለቱን ጎን ለጎን አየና ከንፈሩን ነከሰ። እየሳቀ ነበር።

«ያ ዘመን ስንት ሸክላ የጠፋበት ዘመን ነው» አለ ሐያሲው። «ከእኔ ዘንድ ባይሆን ኖሮ ዛሬ አይኖርም ነበር። አተረፍኩት።» ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለ። ሰው የሰው ዕቃ ወስዶ ምስጋና ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አየሁ።

«በሳንቲሟ እንደገና ይቀዳ» አልኩ ወደ አሳታሚው ዞሬ።

ጎረምሳው ትከሻውን ሰበቀ። «የማተሚያው ቅርጽ ተሠርቷል፣ እህቴ። ደግሞ ግልጹን ልንገርሽ፤ ሰው የሚገዛው አምስቱን ብሎ ነው። ስምንት ማንም ይመታል።»

ልናገር አፌን ስከፍት አጎቴ ክንዴን ያዘ። ያዘኝ ማለት በጥፊ ከመምታት አዳነኝ ማለት ነው፤ ማንን እንደሆነ ግን አልወሰንኩም ነበር።

«ያ የምፈርምበት ወረቀት የት አለ?» አለ።

ሐያሲው ቶሎ አቀረበለት፤ ብዕርም ጨመረበት። አጎቴ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘና ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ «ስምንት ነው። ቁጠሩ።» ፈረመበት። ከዚያ ሁለቱን ሳንቲሞች ከክንዱ ላይ ላጠና ኪሱ ከተተ።

«ይህን ካላተማችሁ ስሜን ከነፎቶዬ አውጡ» አለ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

አተሙት። ሸክላው በአምስት ወጣ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በአጎቴ እጅ ጽሑፍ «ስምንት ነው። ቁጠሩ።» አለበት። አለቃዬን አላሳፈርኩም፤ ከሐያሲው ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አልነካሁም፤ ወፏን ብቻ ዶሮ አድርጌ አለፍኩ፣ እንደ ፊደል ግድፈት። የአጎቴን ቃል ደግሞ ሐያሲው በምረቃው ቀን ከመድረክ ላይ አብራርቶታል አሉ። ስምንት ማለት መጪው ትውልድ ነው፤ «ቁጠሩ» ማለትም አትርሱ ማለት ነው። ሰው አጨበጨበለት። ይህን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እኔና አጎቴ አልሄድንም።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ ስለ ክስ፣ ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ደብዳቤ እያወራሁ ገባሁ። አጎቴ የአንዲት መኪና ክዳን ገልብጦ አስቀምጧል፣ በሁለት ጠፍጣፋ መፍቻ ይመታዋል። ስልኬን ከእጄ ወስዶ የዚያን ዓርብ ቅጂ ከፈተ። ስልኬ ውስጥ ያለው ብቸኛው ባለ ስምንት «ደረጃ» ነው፤ ስድስተኛው ምት ላይ የሐያሲው ሳል አለበት። አጎቴ አብሮ መታ። አልሳተም።

«ይሄ ሳል ግን ቆጠራ አይጠብቅም» አለ።

«ዝም ልንል ነው ጋሼ? ቢያንስ አንድ ጽሑፍ ልጻፍበት።»

«ጻፊ። አንቺ ካልጻፍሽ ያምሻል።» እጁን ኪሱ ከተተና ከሁለቱ ሳንቲሞች አንዷን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። የፕላስተሩ ሙጫ እስካሁን ይጣበቃል። «መጀመሪያ ግን ከረሜላ ግዢ» አለ። «ለእኔም አንድ። ቀይ።»